ኮተት ማውጣቱን ከራሳችን ሻንጣ እንጀምር



ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ በየሊባኖሱ ቤት የሚጠብቀንን ሥራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማዳሞች «ተዕዚል» ይሉታል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ይነሣል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ የብርዱ ልብስ ታጥቦና ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ከጣራው ሥር ያለው «ተትኺቴ» ተከፍቶ የአሥር ዓመት ዕቃ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ይህን ሥራ እናውቅበታለን። የትኛው ድስት ክዳኑ እንደጠፋ፣ ማንም የማይለብሰው ኮት የት እንደተሰቀለ ከባለቤቶቹ ይልቅ የምናውቀው እኛ ነን። ወደ ራሳችን ጠባብ ክፍል ስንመለስ ግን ከአልጋ ሥር ያለችውን ሻንጣ ጎትታ የምትከፍት ጥቂት ናት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ ማዳም ቤት ብዙ አንልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ትእዛዝ ሳይሰጠን አሮጌ የመሰለንን ዕቃ አንጣል። ወደ ውጪ የሚወጣ ልብስ ሁሉ ኪሱ ይፈተሽ፤ ቀለበት ወይም ገንዘብ ከተገኘ ሥራው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ያኔውኑ ይሰጥ።

ኮተት ስለማስወገድ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። አብዛኛው ግን የራሳቸው ቤት ላላቸው ሰዎች የተነገረ ስለሆነ ለእኛ እምብዛም አይሠራም። ባለቤት የሆነ ሰው ዕቃ የሚቀንሰው ቤቱ እንዲሰፋለት፣ ዓይኑም እንዲያርፍ ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ቤቱን የምንለቅበትን ቀን ሁልጊዜ ራሳችን አንመርጠውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሻንጣ ስንከፍት «አንድ ቀን ይጠቅመኝ ይሆን?» ብለን ከጠየቅን ምንም ነገር አይወጣም፤ ሁሉም አንድ ቀን ይጠቅማልና። ጥያቄው «በሩብ ሰዓት ውስጥ ውጪ ብባል ይህን ይዤ እወጣለሁ ወይ?» ቢሆን ይሻላል።

ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ለዓመታት የሰበሰቡትን ትተው የወጡ ብዙ ናቸው። እዚህ ቤይሩት በ2020 ጁን ወር አሠሪዎች ዶላር ጠፋ ብለው እህቶቻችንን ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው እያወረዱ ሲሄዱ ዓለም በዜና አይቷል። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 ቀን የወደቡ ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። በ2024 ሴፕቴምበር ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ ከደቡብና ከዳሂዬ የለበሱትን ብቻ ይዘው የወጡ ነበሩ፤ አሠሪዎቻቸው ትተዋቸው የሄዱም ነበሩ። ያኔ ብርድ ልብስና ልብስ ከየትም ተገኝቶ ተሰጥቷል። ማንም ሊሰጠን ያልቻለው የራሳችንን ወረቀት ነው።

ስለሆነም መጀመሪያው ወረቀት ይሁን። አንድ ምሽት መርጠን ሻንጣውን፣ የእጅ ቦርሳውን፣ የትራሱን ልብስ ሳይቀር ፈትሸን ወረቀት የሆነውን ሁሉ አልጋ ላይ እናውጣ። ብዙው የሚጣል ነው፦ ተፍቆ ያለቀ የስልክ ካርድ፣ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስልክ ቁጥር። ከዚያ መሀል የሚቀረው ጥቂት ነው። ፓስፖርት ወይም ኮፒው፣ ኢቃማ፣ ኮንትራት፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ልጅ ያላት የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት። በ2009 በሊባኖስ የወጣው የቤት ሠራተኞች ውል ደመወዝ ሁለቱም ወገኖች በሚፈርሙበት ደረሰኝ እንዲከፈል ይላል። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ያላት በፍጹም አትጣለው። የሌላት ደግሞ በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ የተቀበለችውን መጠንና ቀኑን እየጻፈች ትያዝ። ገንዘብ መላኪያ ቤቶች የሚሰጡት ለስላሳ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ጽሑፉ ይጠፋል፤ ፎቶ ይነሣ። የሁሉም ፎቶ አገር ቤት ላለች እህት ወይም ለታመነ ሰው ይላክ፤ ስልክም ይጠፋልና። ፓስፖርቱ በማዳም እጅ ቢሆን እንኳ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን ጽፎ መያዝ ለሌሴ ፓሴ የሚሄደውን ሰው ብዙ ምልልስ ያድነዋል። ሦስት ስልክ ቁጥር ደግሞ በእስክሪብቶ እንጻፍ። ባትሪ ያለቀበት ስልክ የማንንም ቁጥር አይነግረንም።

በወረቀቱ መሀል ገንዘብም ይወጣል። ሊራ ደብቀን አስቀምጠን የነበርን ስንቶች ነን? አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ሲመነዘር በነበረበት ዘመን 1,500,000 ሊራ ማለት 1,000 ዶላር ነበር። በ2023 አጋማሽ ምንዛሪው 89,500 አካባቢ ሲደርስ ያው ጥቅል 17 ዶላር እንኳ አልሞላም። የአገራችን ብርም ቢሆን ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ኖቶቹ በ2020 ተለውጠዋል፤ የቀድሞዎቹ የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቷቸው ከገበያ ወጥተዋል። ከዚያ በፊት የመጣች እህት ለታክሲ ብላ በካልሲ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ካለ ለመታሰቢያ አንዷን ታስቀርና ሌላውን ሐሳቧ ውስጥ አታስገባው።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸነፈው። ማዳም ቁም ሣጥኗን ባጸዳች ቁጥር «ውሰጂው» ትለናለች፤ እኛም እምቢ ማለት ነውር ይመስለናል። እንዲህ እየተባለ ማዳም የጣለችው ኮተት ወደ እኛ አልጋ ሥር ይዛወራል። የቤቱ ተዕዚል አለቀ፤ የእኛ ግን ከበደ። በቁጥራችን ልክ ያልሆነ ጫማ፣ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ፣ አገር ቤት ማንም የማይለብሰው የሠርግ ቀሚስ ይከማቻል። «አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል» ማለት ባለጌነት አይደለም። ሌላም ከባድ ነገር አለ። በቃል የተሰጠ ዕቃ ምስክር የለውም። በሰላም ጊዜ «ላንቺ» የተባለው ሽቶ ወይም የወርቅ ቅብ ሰዓት በጠብ ጊዜ «ሰረቀችኝ» ሊባልበት ይችላል፤ እንዲህ ዓይነት ክስ በእህቶቻችን ላይ ሲቀርብ አይተናል። ስለዚህ ዋጋ ያለው ነገር ከተሰጠን ሌላ የቤተሰብ ሰው ባለበት እንቀበል፤ ማዳም በመልእክት የጻፈችው ካለ አናጥፋው፤ ስንሄድም ሻንጣችንን እሷ ባለችበት እንዝጋ። ያልተመቸንን ደግሞ ቀድሞውኑ አንቀበል።

ለቤተሰብ ብለን የምንገዛውስ? በዚህ ላይ ማንንም አንወቅስም። ከስደት የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን በር ማንኳኳት እንደሚከብደው እናውቃለን። ጎረቤት ሳይቀር እጅ እጅ ያያል። ይሁን እንጂ ሚዛን አለ። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ብቻውን 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ትልቅ ሻንጣ ባዶውን 4 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በአውሮፕላን ጣቢያ ኪሎ በዝቶ ዕቃ መሬት ላይ ሲዘረገፍ፣ ወረፋው ከኋላ ሲያጉረመርም፣ ከሚጣለውና ከሚቀረው መምረጥ እንዴት እንደሚያዋርድ ያየ ያውቀዋል። ለትርፍ ኪሎ የሚከፈለው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አስቀድመን አንብበን በቤት ሚዛን እንመዝን። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ሽቶ በእጅ ሻንጣ እንደማያልፍ፣ ፓወር ባንክ ደግሞ በተቃራኒው በእጅ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንደማይገባ እናስታውስ። እናታችንንም አስቀድመን በስልክ ብንጠይቃት ጥሩ ነው። ሦስተኛ ብርድ ልብስ ሳይሆን ለጣራው ቆርቆሮ መግዣ እንድንልክላት የምትፈልግ እናት ብዙ ናት፤ ስላልተጠየቀች ነው ዝም ያለችው።

ጊዜ የለንም የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው። ቀኑ የእኛ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን እናውጣ ማለትም በግማሹ ደክሞ ክምሩ ላይ መተኛት ነው። በአንድ ሌሊት አንድ ፌስታል ይበቃል። የሚሄደውን ወደ ሻንጣ፣ የሚሰጠውን ወደ ፌስታል፣ የሚጣለውን ወደ ቆሻሻ፤ ፌስታሉ ሲሞላ እንተኛ።

በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ክፍል ተከራይተን ለአራትና ለአምስት የምንኖር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን፤ የአደራ ሻንጣ። «ለሁለት ሳምንት ብቻ አስቀምጪልኝ» ብላ የሄደች ሦስት ዓመት ይሆናታል። ሌላዋ ሥራ አግኝታ ወደ ትሪፖሊ ወርዳለች፣ ሌላዋ አገሯ ገብታለች፣ የአንዷ ስልክ አይሠራም። የኪራዩን ክፍል ግማሽ የያዘው የሌለ ሰው ዕቃ ነው። አደራ ክቡር ነገር ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ ነገር ግን ፖሊስ ቢመጣ ውስጡ ምን እንዳለ የማናውቀው ሻንጣ ተጠያቂዋ የክፍሉ ተከራይ ናት። በእኛ አስተያየት አደራ ሲሰጥ ጊዜ ይወሰንለት፤ ሻንጣውም ሁለቱም ባሉበት ተከፍቶ ይታይ፣ ስምና ስልክ ይለጠፍበት። ያለፈውን በተመለከተ ባለቤቷን በስልክም በዘመድም እንፈልጋት፣ አንድ ወር እንስጣት። መልስ ከጠፋ የክፍሉ ልጆች በሙሉ ባሉበት ተከፍቶ እያንዳንዱ ዕቃ ፎቶ ይነሣ። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና ወረቀት በፖስታ ታሽጎ ስሟ ይጻፍበትና ይቀመጥ፤ ይህ የማይጣል ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ልብሱ ከአሠሪ ቤት የለበሰችውን ብቻ ይዛ ለወጣች ይሰጥ። ሻንጣው ራሱ ባዶውን አይቀመጥ፤ አገሯ ልትገባ ትኬት ቆርጣ ሻንጣ ያጣች በየወሩ አትጠፋም።