ድምፅዋን ፈቀድን፤ እጅዋንስ?

ባለፈው የኅብረታችን የሙዚቃ ምሽት የተገኛችሁ ሁሉ ደስ ብሎአችሁ እንደ ተመለሳችሁ ዐውቃለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ ግን ከግድግዳ ላይ የቀረውን የፕሮግራም ወረቀት ስነቅል ሰዎቹን አንድ በአንድ ቈጠርኋቸው። መድረክ ላይ የወጡት ዐሥራ አራት ናቸው። ከነዚህ አምስቱ ሴቶች ሲሆኑ ሦስቱ ዘፋኞች፣ ሁለቱ ተወዛዋዦች ነበሩ። ከበሮ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ክራርና ማሲንቆ የያዙት ሰባቱም ወንዶች ናቸው። መሣሪያ የያዘች አንዲት ሴት አልነበረችም።

ተጫዋቾቹን ከመረጠው ኮሚቴ አባላት አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ክስ ከራሴ የሚጀምር ነው።

ነገሩን ለጓደኞቼ ባነሣ የመጀመሪያው መልስ «ከዐሥራ አራቱ አምስቱ ሴቶች ከሆኑ ምን ጐደለ?» የሚል ሆነ። ስሕተታችን እዚሁ ላይ ነው፤ ራስ ቈጠርን እንጂ ሥራ አልቈጠርንም። ባንድን ከቅርብ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ዘፋኝ ይለዋወጣል፤ ተጫዋች ግን ይቈያል። በአንድ ምሽት አምስት ዘፋኞች ተራ በተራ ሲወጡና ሲወርዱ ከበሮ መቺውና ቤዝ ተጫዋቹ ከቦታቸው አይነሡም። ዘፈኑ በየትኛው ቅኝት ይጀመር፣ ይፍጠን ወይስ ይዘግይ፣ መግቢያው ይርዘም ወይስ ይጠር የሚባለው በልምምድ ክፍል መሣሪያ በያዙ ሰዎች መካከል ነው። የነገው አቀናባሪና የነገው የባንድ መሪም በአብዛኛው ከዚያ ክፍል ይወጣል። ሴቲቱን ከዚያ አስቀርተን መብራቱ ሲበራ ብቻ ብንጠራት በእንግድነት ጋበዝናት እንጂ የቤቱ ባለቤት አላደረግናትም።

«ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። የትኛው ባህል ይሆን? እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ሲነገር ሰምተናል፤ በገና መደርደር ለእመቤት ነውር አልነበረም ማለት ነው። ሜሪ አርምዴ ክራርዋን ይዛ የራስዋን ዜማ በራስዋ ጣት አጅባለች። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ያረፈችው አስናቀች ወርቁም ተዋናይና ዘፋኝ ብቻ ሳትሆን የክራር ባለሙያ ነበረች፤ አድናቂዎችዋ ድምፅዋን ያለ ክራርዋ አያስቡትም። በአዝማሪ ቤት ወንዱ ማሲንቆውን ሲመታ ሴቲቱ ከጐኑ ቆማ የምትዘፍንበት ልማድ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ልማድ ሁለት ዐይነት ሆኖ ሳለ አንዱን ብቻ መርጦ «ባህል» ብሎ መጥራት ባህልን ማክበር አይደለም፤ የሚመቸንን መምረጥ ነው።

የዛሬው ባንዳችን ልማድ ከአያቶቻችን ይልቅ ከጦር ሰፈር የመጣ ይመስለኛል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኙአቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥቱ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ። መለከቱም፣ ሳክስፎኑም፣ መምህሩም በሰፈሩ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ በዚያ ግቢ መሣሪያ ታድሎት የሚሠለጥነው ደግሞ ወንዱ ወታደር ነበር። ሴቶች ጨርሶ አልገቡም ማለቴ አይደለም። ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፍነዋል፤ ሁለቱም ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። ድምፃቸው በበሩ ገባ፤ መሣሪያው ግን በወንዶች እጅ ቀረ። በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ የተቋቋሙት ባንዶችም ብዙ ልምዳቸውን የወሰዱት ከዚያው ነው። እኛ መለዮ ለብሰን አናውቅም፤ የሰፈሩን ልማድ ግን ሳንመረምር ወርሰናል።

በዚያው በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዲት ልጅ ተወለደች። በልጅነትዋ ስዊዘርላንድ ተልካ ቫዮሊን ተማረች፤ ኋላም በካይሮ በመምህር ኮንቶሮቪች ሥር ሙዚቃን አጠናች። ዛሬ የፒያኖ ሥራዎቻቸው በዓለም ዙሪያ የሚደመጡት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እኒያ ልጅ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ወደዚህ ደረጃ ያደረሳቸው ከሌሎች ኢትዮጵያውያት የተለየ ጣት አይደለም፤ በልጅነት መሣሪያና መምህር ማግኘት ነው። ያንን ያላገኙት ስንት ናቸው? ያልተጫወተ ሰው ስለማይቈጠር አናውቃቸውም።

«ጥበብ ጾታ የላትም፤ እኛ የምንመርጠው ችሎታን ነው» የሚለው መልስ ከሁሉ ይልቅ የተማረ ሰው መልስ ይመስላል። የቪየና ፊልሃርሞኒክን እንመልከት። ያ ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1842 ተቋቁሞ ሴትን በአባልነት የተቀበለው በ1997 ነው፤ 155 ዓመት መሆኑ ነው! መጀመሪያ የተቀበላት የሃርፕ ተጫዋችዋ አና ሌልኬስ ከዚያ በፊት ከ20 ዓመት በላይ አብራቸው ስትጫወት የኖረች ናት። በጆሮአቸው ሲሰሙአት የኖሩትን ሴት በመዝገባቸው ለመጻፍ ይህን ያህል ዘመን ከፈጀባቸው፣ ችግሩ የችሎታ ነበር የሚል ማን ነው? በአንጻሩ በአሜሪካ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በተለይ ከ1970ዎቹ ወዲህ ተፈታኙን ከመጋረጃ በስተኋላ ማስጫወት ጀመሩ፤ የጫማ ድምፅ እንኳ እንዳይለይ ምንጣፍ ያነጠፉ አሉ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የሴቶች ቍጥር እጅግ አድጓል። መጋረጃው ብቻውን አደረገው አልልም፤ ነገር ግን «ጆሮዬ አያዳላም» የሚል ሰው መጋረጃን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

ሦስተኛው መልስ «ሌሊት ነው፤ ለሴት ልጅ መንገዱ ያስፈራል» የሚል ነው። መንገዱ ማስፈራቱ እውነት ነው። ግን ዘፋኝዋስ የምትመለሰው በቀን ነውን? ለዘፋኝዋ መኪና የፈለገ ኮሚቴ ለቤዝ ተጫዋችዋ መፈለግ አይችልም? ፍርሃታችን ለሴቲቱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በጠበቀ ነበር።

አራተኛው መልስ «ራሳቸው አይመጡም» የሚለው ነው። ይህን ከማንም በላይ ስናገር የኖርሁት እኔ ነኝ። አሁን ልመልሰው የተነሣሁትም የራሴን ቃል ነው።

ለምሽቱ ፈተና በሰጠንበት ቀን ስም መዝጋቢው እኔ ነበርሁ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ክራር በጨርቅ ከረጢት አድርጋ መጣች። ቀና ብዬ አየኋትና «ለማን ነው ያመጣሽለት?» አልኋት። ዝም አለች። እኔም እንደ ቸር ሰው ሆኜ «ለዘፈን ከሆነ ፈተናው ሐሙስ ነው» ብዬ ጨመርሁላት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ከረጢቱን ወደ ትከሻዋ መልሳ ሄደች። ሐሙስ አልመጣችም። ምን ያህል እንደምትችል አላውቅም፤ አንዲት ክር እንኳ ሳትነካ መለስኋት። ማታ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «ከሴቶች ለመሣሪያ የተመዘገበ የለም» ብዬ አነበብሁ። በወረቀቱ ላይ እውነት ነበረ።

ወንድሞቼ ሆይ፣ «አይመጡም» የምንለው እንዲህ ሆኖ የሚጻፍ ነው። ያባረርኋት በስድብ አይደለም፤ በአንድ ጥያቄ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በክፍል ውስጥ እንስቅበታለን፤ በመድረካችን ግን ደንብ አድርገን አኑረነዋል።

እንግዲህ ማልቀስ ብቻ እንዳይሆን ለኅብረቱ የምጠይቀው ይህ ነው፤

አንደኛ፣ ከሚቀጥለው ምሽት ጀምሮ የመሣሪያ ፈተና በመጋረጃ ይሁን። አዳራሹ መጋረጃ አለው፤ ገንዘብ አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ መዝጋቢው ለመጣው ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ «የምትጫወተው» ወይም «የምትጫወቺው ምንድር ነው?»

ሦስተኛ፣ የመሣሪያ ክፍሉ ቍልፍ በአንድ ባንድ እጅ መሆኑ ይቅር። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለጀማሪዎች ይከፈት፤ ከነዚህ አንዱ ለሴት ተማሪዎች የተለየ ይሁን። መሣሪያ ሳይነኩ ችሎታ አይገኝም። መሣሪያ የምትጫወቱ መምህሮቻችንም በወር አንድ ቀን ብትሰጡን ከንግግር ይልቅ ይጠቅመናል።

አራተኛ፣ ለዘፋኞች የሚደረገው የማታ መጓጓዣ ለተጫዋቾችም ይሁን።

አምስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ምሽት በኋላ ማን ምን እንደ ተጫወተ በዚህች መጽሔት ይታተም። የተጻፈ ቍጥር ያሳፍራል፤ እፍረትም አንዳንዴ ከስብከት ይሻላል።

በነዚህ ላይ ተቃውሞ ያለው ወገን በሚመጣው እትም ይጻፍ፤ እመልሳለሁ። ክራርዋን ይዛ የተመለሰችው እኅታችን ደግሞ ይህን ካነበብሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፈተናው ሐሙስ አይደለም፤ በፈለግሽው ቀን ነው። መጋረጃውን እኔ እይዛለሁ።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ