ሣጥኑን ጠግኖ አደራውን ስለሚበላ ሰው

በአማርኛ ቃላት መካከል እንደ «አደራ» የከበደ ቃል ጥቂት ነው። ሰው ገንዘቡን ሲያበድር ውል ያጽፋል፤ ዕቃውን ሲሸጥ ዋጋውን ይቀበላል፤ አደራ ሲሰጥ ግን የሚተማመነው በተቀባዩ ሕሊና ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የኖሩትም ስለዚሁ ነው። ሌባን ቢጠሉት እንኳ አደራ በላን ከሌባ አስበልጠው ይጠሉት ነበር። ሌባ የሚወስደው ካላመነው ሰው ቤት ነውና፤ አደራ በላ ግን የሚያጠፋው አምነው በእጁ ያኖሩለትን ነው።

በዘመናችን አንድ አዲስ ዓይነት አደራ በላ ተነሥቷል። ይህ ሰው መሣሪያ አይታጠቅም፤ በሌሊት አይመጣም፤ በቀን፣ በአደባባይ፣ «ኮምፒውተር እንጠግናለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ይቀመጣል። የተበላሸ ኮምፒውተር ሲመጣለት ምን እንደ ነካው ሳይመረምር፣ በውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቱን ሳይጠይቅ፣ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋና ባዶውን ዕቃ ዋጋ ተቀብሎ ይመልሳል። በገበያ ቋንቋ ይህ ሥራ «ፎርማት ማድረግ» ይባላል። እኔ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሲደረግ ትክክለኛ ስሙ አደራ መብላት ነው እላለሁ። ይህን ስል ጠጋኞችን ሁሉ መስደቤ አይደለም፤ ሙያቸውን አክብረው፣ የሰውን ንብረት እንደ ራሳቸው ጠብቀው የሚሠሩ ብዙ ናቸውና። ብዕሬን ያነሣሁት ጥፋቱን እንደ ቀላል ነገር መቍጠር በጠጋኙም በባለቤቱም ዘንድ ልማድ እየሆነ ስለ ሄደ ነው።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው የጠፋው ነገር በዓይን ስለማይታይ ነው። ቀድሞ በጌጫም ሆነ በማሻ፣ በቴፒም ሆነ በሚዛን፣ የቤተሰብ ቅርስ የሚቀመጠው ከአልጋ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ነበር። የመሬት ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ ከሩቅ አገር የተላከው ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ይገኝ ነበር። ዛሬ ያ ሣጥን ላፕቶፕ ሆኗል። የመምህሩ የተማሪዎች ውጤት፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ፣ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሞተች እናት የመጨረሻ ፎቶግራፍ፣ መዳፍ በምታህል አንዲት ሃርድ ዲስክ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። የሣጥኑን ማጠፊያ እንዲጠግን የተጠራ አናጢ በውስጡ ያለውን ወረቀት ሁሉ አውጥቶ ምድጃ ውስጥ ቢጨምረውና «ማጠፊያው ተሠርቶልሃል፤ ሒሳብ ክፈል» ቢል መንደሩ ሁሉ ይነሣበት ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኙ ያንኑ ሲያደርግ ግን «አይ፣ ጠፋ» ተብሎ ይታለፋል።

አንድ የማውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ቀድሞ ያስተማርሁት፣ ዛሬ ራሱ መምህር የሆነ አንድ ወጣት አለ። ይህ ልጅ በጌጫ ዙሪያ ካሉ ሽማግሌዎች በሸኪኖኖ ቋንቋ ተረቱን፣ የጐሣውን ታሪክ፣ የዛፎቹን ስም፣ ማር የሚቈረጥበትን ወራት እየጠየቀ ድምፃቸውን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበሰበ። በስልኩ ይቀዳል፤ ስልኩ ሲሞላበት ወደ ላፕቶፑ ያዛውራል። ድምፃቸውን ከሰጡት ሽማግሌዎች ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ዐርፈዋል። በኋላ የላፕቶፑ የቻርጀር መሰኪያ ተሰበረበትና ወደ ሌላ ከተማ ይዞ ሄዶ ለአንድ ጥገና ቤት ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ከፍሎ ተቀበለ። እቤቱ ገብቶ ሲከፍተው መሰኪያው ተሠርቷል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ደውሎ ቢጠይቅ «ዊንዶውሱ አርጅቶ ስለ ነበር አዲስ ጭነንልሃል፤ ለዚያ እንኳ ገንዘብ አልጠየቅንህም» አሉት። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ «ፋይል እንዳለው መቼ ነገርኸን?» ሲሉ መለሱለት።

በዚህ መልስ ላይ ጥቂት እንቈይ። ልጁ የሄደው መሰኪያ ሊያሠራ ነው። ዊንዶውስ እንዲጫንለት አልጠየቀም፤ የነበረው እንዲጠፋም አልፈቀደም። ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ ሰው ጆሮው ተቈርጦ ቢመለስ «ለጆሮው አላስከፈልንህም» ተብሎ ይጽናናልን? ደግሞም «አልነገርኸንም» የሚለው ቃል ከጥፋቱ ይልቅ ያሳዝናል። በሸካ ደን ውስጥ የተሰቀለ ቀፎ ዘበኛ የለውም፤ ቍልፍም የለውም። ቆቦ በሚባለው የአገሩ የይዞታ ልማድ ባለቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ ሌላው ሰው ሊነካው አይገባም። «ማር አለው» የሚል ጽሑፍ በቀፎው ላይ አልተለጠፈም፤ ነገር ግን ቀፎ ንብና ማር እንደሚይዝ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የቀፎውን ክዳን እንዲጠግን የተጠራ ሰው ንቡን በጢስ አባርሮ ማሩን ሜዳ ላይ ቢያፈስና «ማር እንዳለው አልነገርኸኝም» ቢል ማን ይቀበለዋል? ሰው የሚሠራበት ኮምፒውተር የሰው ሥራ እንደሚይዝም እንዲሁ የታወቀ ነው። መጠየቅ ያለበት ሊያጠፋ እጁን የዘረጋው ነው።

ከጥፋቱ የከፋው ደግሞ ዝምታው ነው። ይህን ለመረዳት የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቶሎ የሚያልቀው ፎርማት በአብዛኛው ጽሑፉን ወዲያው አይፍቀውም፤ የአንድን መጽሐፍ ማውጫ ቀድዶ እንደ መጣል ነው። ማውጫው ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ባዶ ይመስላል፤ ገጾቹ ግን ሌላ ጽሑፍ እስኪጻፍባቸው ድረስ እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ በሚሽከረከረው በአሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላይ የነበረ ፋይል፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ተዘግቶ ዲስኩ ለዐዋቂ ቢሰጥ፣ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ላይ ግን መሣሪያው ራሱ የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚጠርገው ተስፋው ጠባብ ነው። እንግዲህ ባጠፋ ጊዜ ወዲያው ማቆምና መናገር የሰውን ሀብት ከሞት ሊያድነው ይችላል። ያ ጥገና ቤት ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ባጠፋው ላይ አዲስ ዊንዶውስ ጫነበት፤ በዊንዶውሱም ላይ ልዩ ልዩ ፕሮግራም ደረበበት፤ ከዚያም ዕቃውን ሲያስረክብ እንኳ ቃል ሳይተነፍስ ገንዘቡን ተቀበለ። የቈሰለውን ፋይል የቀበረው ይህ ዝምታ ነው።

ያጠፋ ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው ከታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1835 እንግሊዝ አገር ቶማስ ካርላይል የተባለው ጸሐፊ ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚጽፈውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ጨርሶ፣ ሌላ ግልባጭ የሌለውን የእጅ ጽሑፉን እንዲያነብለት ለወዳጁ ለጆን ስቱዋርት ሚል ሰጠው። ጽሑፉ በሚል እጅ ሳለ፣ እንደሚነገረው፣ የቤት ሠራተኛ የተጣለ ወረቀት መስሏት አቃጠለችው። ሚል ነገሩን ለመናገር ሰው አላከም፤ ፊቱ ገርጥቶ በምሽት ራሱ ወደ ካርላይል ቤት ሄደና ነገረው። ካሣም 200 ፓውንድ አቀረበ፤ ካርላይል 100 ተቀበለና ያንን ክፍል እንደ ገና ከመጀመሪያው ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1837 ታተመ። ሚል «ግልባጭ አለማስቀረትህ የራስህ ጥፋት ነው» ብሎ ማምለጥ ይችል ነበር። እሱ ግን የተቀበለው አደራ መሆኑን ስላልረሳ በወዳጁ ደጅ ቆመ። ወዳጅነታቸውም በዚያ ሌሊት አልፈረሰም።

አሁን ደግሞ ጠጋኞቹ ራሳቸውን የሚከላከሉባቸውን ምክንያቶች እንመልከት። አንደኛው «ባለቤቱ ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ነበረበት» የሚል ነው። ቅጂ ማስቀመጥ ብልኅነት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በሩን ሳይዘጋ የተኛ ሰው ሞኝ ቢባል፣ በተከፈተው በር የገባው ሌባ በዚህ ጻድቅ አይሆንም። ቅጂ መያዝም ሁልጊዜ አያድንም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም ሲሠራ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ፋይል ተሰረዘበት። ድርጅቱ ቅጂ ይይዝ ነበር፤ ሲታይ ግን የተያዘው ቅጂ የማያገለግል ሆኖ ተገኘ። ሥራው የዳነው ጋሊን ሰስማን የምትባል የድርጅቱ ባልደረባ ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለ ነበር፣ በቤቷ ኮምፒውተር ላይ በተገኘ ሌላ ቅጂ ነው። እንዲህ ያለው ባለ ብዙ ገንዘብ ድርጅት ከተሳነው፣ መብራትና ኔትዎርክ በሚቈራረጥበት አገር በደመወዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር መምህር ትርፍ ዲስክ አልገዛህም ተብሎ ሊፈረድበት ይገባልን?

ሁለተኛው ምክንያት «የምንቀበለው ገንዘብ ትንሽ ነው» የሚል ነው። ኦሪት ዘጸአት በ22ኛው ምዕራፉ ስለ አደራ ሲደነግግ የሚመረምረው ጠባቂው እጁን በሰው ንብረት ላይ መዘርጋት አለመዘርጋቱን ነው፤ ስንት እንደ ተከፈለው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ አደራ የተለየ ክፍል አለው። ዋጋው ካነሰ ሥራውን አልቀበልም ማለት ወይም ዋጋውን ከፍ ማድረግ የጠጋኙ መብት ነው። በትንሽ ዋጋ ተቀብሎ በትንሽ ሕሊና መሥራት ግን መብት አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት «ፋይል እኮ ዕቃ አይደለም» የሚል ነው። የአገራችን ሕግ ይህን አይቀበልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ሆን ብሎ፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደለት አልፎ የኮምፒውተር ዳታ የሚያጠፋን ሰው ይቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም የሰው የግል መረጃ ጥበቃ የሚገባው መሆኑን ደንግጓል። ከፋይል ማጥፋት አልፈው የደንበኛን ፎቶግራፍ ከፍተው የሚያዩና የሚቀዱ ጠጋኞች ካሉም ይህን ይወቁ። በቸልተኝነት ያጠፋው ሰው ከወንጀል ሕግ ያመልጥ ይሆናል፤ ከሕሊናው ግን አያመልጥም።

አራተኛው ምክንያት «ዲስኩ ቀድሞውንም እየሞተ ነበር» የሚል ነው። ይህ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዲስክ እንደ ማንኛውም ዕቃ ያረጃል፤ በጠጋኙ እጅ ላይም ሊሞት ይችላል። ታማኝ ሐኪም ግን በሽታው የከፋ መሆኑን ከቀዶ ጥገናው በፊት ለቤተ ሰቡ ይናገራል፤ ከቀብር በኋላ አይደለም።

ታዲያ ፎርማት እንዲህ የበዛው ለምንድር ነው? መልሱ አጭር ነው። የብልሽትን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፎርማት ግን ብዙውን ብልሽት ሳይመረምሩት ይሸፍነዋል። ለራስ ምታቱም፣ ለሆድ ቍርጠቱም፣ ለወባውም አንድ ዓይነት ክኒን እንደሚሰጥ ሐሰተኛ ሐኪም መሆን ነው። ድንቍርና በፍጥነት ተሸፍኖ ሲሠራ ሙያ ይመስላል፤ ደንበኛውም ዕቃው ሲበራ አይቶ ያመሰግናል።

ወጣቶች ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ከእናንተ ብዙዎቹ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ሃርድዌርና ኔትዎርክ ስለምትማሩ፣ ነገም በቴፒ ወይም በሚዛን፣ ምናልባትም በዚሁ በጌጫ ጥገና ቤት ስለምትከፍቱ ነው። እንግዲህ አራት ነገር ያዙ። ዕቃውን ስትቀበሉ «በውስጡ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተቀበላችሁትንና የምትሠሩትንም በወረቀት ጽፋችሁ አስፈርሙ። ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ፤ መቅዳት ካልቻላችሁም አስታውቃችሁ ፈቃድ ተቀበሉ። ያልታዘዛችሁትን አትሥሩ። ካጠፋችሁም በዚያው ሰዓት እጃችሁን ሰብስቡና ለባለቤቱ ንገሩት፤ የሠራችሁበትንም ዋጋ አትቀበሉ። እነዚህ አራቱ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ሰውነትን ነው።

ዕቃችሁን ለጥገና የምትሰጡም ብትሆኑ ዝም አትበሉ። ፈቃዳችሁን በግልጽ ተናገሩ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ጥፋት ሲደርስባችሁ «አይ፣ ጠፋ» ብላችሁ አትለፉ። ዝም ያላችሁት ጥፋት ነገ በጐረቤታችሁ ላይ ይደገማልና።

የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ዛፎቹ ዓለም ያወቀው መዝገብ አላቸው። የዛፎቹን ስም በራሳቸው አንደበት ሲጠሩ የነበሩት የሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፅ ግን የነበረው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር፤ ያንንም አንድ ሰው ለመጠየቅ ሰንፎ አጠፋው። የተሰበረ መሰኪያ ይጠገናል፤ የተሰበረ ላፕቶፕም በሌላ ይተካል። በሰው እጅ ላይ የጠፋ አደራ ግን ምትክ የለውም፤ ስለዚህ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጠይቁ።