ቀለሙ ገጠመ ማለት ወንበሩ ገጠመ ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ መሃላችን ልጅ የታቀፈች እናት አለች። ሲሪንቃን እንዳለፍን አንድ በሬ ድንገት አስፋልቱ ላይ ወጣ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ፣ እኛ ግን አልቆምንም። ወንበሩ እኛን እንደያዘ ወደ ፊት ተነቀለ። ልጁን ተሻምተን ያዝነው፣ ተረፈ። የእናትየዋ ግንባር ግን ፊት ለፊት ያለው ብረት ላይ አረፈ። መርሳ እስክንደርስ በነጠላዋ ደሟን ስትጠርግ ነበር።

ሹፌሩ የድሮ ተማሪዬ ነው። እሷን ክሊኒክ ካደረስን በኋላ ጎንበስ ብዬ ወንበሩን አየሁት። ከአራቱ እግሮች አንዱም በብሎን አልታሰረም፤ ሁሉም ብየዳ ነው፤ ሁለቱ ተላቀዋል።

"ምንድነው ይሄ?" አልኩት።

"ቲቸር፣ አሮጌው ሲሰበርብኝ ያገለገለ ገዛሁ። ቀዳዳው አልገጥም ሲል በያጁ አስተካከለልኝ። ቀለሙ እኮ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው!"

ይህን የምጽፈው እሱን ለማሳጣት አይደለም። የእናትየዋን ማሳከሚያ ራሱ ከፍሏል፣ "ይጻፉት ቲቸር፣ ሌላውም ይማር" ያለኝም እሱ ነው።

እኔ ያገለገለ ዕቃ አይገዛ የምል ሰው አይደለሁም። አዲስ መኪና ለስንቶቻችን ነው? በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያለውን እየጠገንን መንዳት ግድ ነው። ሶማሌ ተራ ባይኖር የአገሩ ግማሽ መኪና በቆመ ነበር። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ፍሬን ስንገዛ እንጨነቃለን፣ ጎማ ስንገዛ እንጨነቃለን፣ ወንበር ስንገዛ ግን እንደ ሶፋ ፎደራውን ብቻ እናያለን።

ተማሪዎቼ፣ 9ኛ ክፍል የተማራችሁትን ኢነርሺያ አስታውሱ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግጭት ጊዜ ያ ፍጥነት በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ዜሮ ቢሆንበት፣ የሚያርፍበት ኃይል ወደ 10 ሺህ ኒውተን ነው፤ የአንድ ቶን ጭነት እንደማለት። ሦስት ሰው ሲሆን ሦስት ቶን! ቀበቶው ከወንበሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ ያን ሁሉ የሚሸከመው የወንበሩ እግር ነው። ፋብሪካው ብሎኑን የሚያስረው ወለሉ ተደርቦ የተጠናከረበት ቦታ ላይ ነው። ብየዳው የሚያርፈው ግን ስስ ላሜራ ላይ ነው፤ እሳቱ ላሜራውን ያደክመዋል፣ ዝገት ደግሞ ከሥር ይበላዋል። ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ወንበር የምትገዙ ይህን አድርጉ፦

1. የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ይዛችሁ ሂዱ። "ቶዮታ ነው፣ ይገጥማል" አትበሉ። አባዱላም ዶልፊንም ሃይኤስ ናቸው፣ ግን ትውልዳቸው የተለያየ ነው።

2. በሜትር ለኩ። በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ቁመት፣ ወርድና አግድም ለኩ። ሦስቱም ካልገጠሙ ተዉት።

3. ፎደራውን ገልጣችሁ አጽሙን እዩ። የተጣመመ፣ የተሰነጠቀ፣ ቀድሞ የተበየደ ከሆነ ከተጋጨ መኪና የወጣ ሊሆን ይችላል።

4. የሚንሸራተት ከሆነ ወደፊትና ወደኋላ ሳቡት። በሁለቱም በኩል "ቀጭ" ብሎ መቆለፍ አለበት።

5. የቤት መኪና ከሆነ ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው። ባለሙያ ሳይኖር አትንኩት፣ አትቁረጡት።

6. ብሎን ስትገዙ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበትን ጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥንካሬውም ከፍ ይላል። ለመስኮት ፍርግርግ የሚሆን ብሎን ሰው አይዝም።

"ቲቸር፣ የሚገጥመው ይወደዳል" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ይወደዳል። ግን ተማሪዬ በርካሽ ገዝቶ ለበያጅ ከፈለ፣ ለሕክምና ከፈለ፣ አሁን ደግሞ ትክክለኛውን ሊገዛ ነው። የቱ ረከሰው?

በያጆች ወንድሞቼ፣ እናንተም "አልበይድም" በሉ። ያን ቀን አንድ ደንበኛ ይቀርባችኋል፣ ግን በሰላም ትተኛላችሁ። ለዓመታዊ ምርመራ የተቀመጣችሁም፣ ፍሬንና መብራት ስታዩ ወንበሩንም በእጃችሁ ነቅንቁት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እኛ ተሳፋሪዎችም ከመቀመጣችን በፊት እንነቅንቀው። ከተወዛወዘ እንናገር። ረዳቱ "ምንም አይልም፣ ግቡ ግቡ" ቢል እንኳ እንናገር። እኔ ያን ቀን ስቀመጥ ወንበሩ ሲወዛወዝ ተሰምቶኝ ነበር። ዝም አልኩ። ስለዚህ የእናትየዋ ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ የኔም ድርሻ አለበት።