ቅድሚያ ለማን?

የዛሬው ደብዳቤ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ ከሚያቀናብር አንድ ወጣት የመጣ ነው። «ድምፅ ስቀዳ ይንኮሻኮሽብኛል፣ ይቆራረጥብኛል። ጓደኛዬ ፕሮግራሙን ሪልታይም ላይ አድርገው ብሎኛል። ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ይቅርብህ! እኔም ተቃጥዬበታለሁና ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሰፈራችን ልጅ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ አንድ ሌሊት ሲቀራት እኔ ዘንድ መጣች። ለእናቷ የምትተወው ዘፈን ልትቀዳ ነበር። ድምፁ ሲቆራረጥብኝ ጊዜ አዋቂ ነኝ ብዬ ፕሮግራሙን ሪልታይም ላይ ሰቀልኩት። መጀመሪያ ሰላም መሰለ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ግን ማውሱ ቀጥ፣ ኪቦርዱ ጭጭ! አሮጌ ኮምፒዩተሬን አጥፍቼ ከማስነሳት በቀር ምርጫ አጣሁ። የቀዳነውን አላስቀመጥኩትም ነበርና አብሮ ጠፋ። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ «ይሁን» ብላ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ሄደች። ያቺ «ይሁን» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ፕሮግራሞች ፕሮሰሰሩን ይሻማሉ። ዊንዶውስ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ወረፋ ያሲዛቸዋል። ደረጃው 6 ነው፦ ሎው፣ ቢሎው ኖርማል፣ ኖርማል፣ አበቭ ኖርማል፣ ሃይ እና ሪልታይም። ቅድሚያ መስጠት ፕሮሰሰሩን አያፈጥነውም፤ ማን ይቅደም የሚለውን ብቻ ይወስናል። ሪልታይም የተባለው ደግሞ ማውስና ኪቦርድ የሚያሠራውን ሳይቀር ገፍቶ ሊያልፍ ይችላል።

እና ምን ይሻላል? መጀመሪያ የማያስፈልግህን ሁሉ ዝጋ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ሲከፈትልህ «ዲቴይልስ» ውስጥ የሙዚቃ ፕሮግራምህን ፈልግ፤ በማውሱ ቀኝ ተጫንና «ሴት ፕራዮሪቲ» ከሚለው አበቭ ኖርማልን፣ እሱ ካልበቃህ ሃይን ምረጥ። ፕሮግራሙን ዘግተህ ስትከፍተው ወደ ነበረበት ስለሚመለስ እንደገና ማድረግ አለብህ።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የባፈር ነው። ባፈርን ድምፁ ከመውጣቱ በፊት እንደሚጠራቀምበት ጋን ቁጠረው። በሰከንድ 44,100 ናሙና ስትቀዳ፣ 128 ናሙና የሚይዝ ባፈር ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ፋታ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። 512 ብታደርገው ወደ 12 ይጠጋል። ስትቀዳ ድምፁ ለዘፋኙ ዘግይቶ እንዳይሰማው አነስ አድርገው፤ ከቆራረጠ ከፍ አድርግለት። ስታዋህድ ግን 1,024 ቢሆንም ግድ የለም። ላፕቶፕ ከሆነም ቻርጀሩን ሰክተህ ሥራ።

ከሁሉም በላይ፣ ዘፋኙ ከመምጣቱ በፊት በራስህ ድምፅ ሞክረው። አንድ ቅጂ ባለቀ ቁጥርም ሴቭ አድርግ። ኮምፒዩተር ቢበላሽ ይጠገናል፤ የዚያን ሌሊት ድምፅ ግን ከየት ታመጣዋለህ?

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!