ደግ አለቃና ደጋፊ አለቃ

በመሥሪያ ቤት ወሬ ጥሩ አለቃ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የማይቆጣው ነው። ፈቃድ ሲጠየቅ አይከለክልም፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ ያረፈደውን ዐይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሲዛወር ሠራተኛው አዋጥቶ ጋቢ ያለብሰዋል፣ ንግግር ይደረግለታል። ይህ ደግነት የሚናቅ አይደለም። ግን አንድ ነገር አይነግረንም፤ በእርሱ ሥር ከቆዩት ሰዎች መካከል በፊት የማይችለውን ሥራ ዛሬ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ስንት ነው? አንድም ከሌለ ሰውዬው ደግ ነበር፤ ደጋፊ ግን አልነበረም።

ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባው ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሚቱ ጋሼ የተባሉ የገጠር ወጣት እዚያው ሆስፒታል ደረሱ። ለቀናት ምጥ ላይ ቆይተው ልጃቸውን አጥተዋል፤ በፊስቱላ ተጎድተዋል። ፊደል አልቆጠሩም። በአንድ ቀዶ ጥገና የሚድን ጉዳት ስላልነበረ ሕክምናው ረዘመ፤ በዚያው አልጋ ማንጠፍና ሌሎች ሕሙማንን መርዳት ጀመሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ስለ ደግነት የሚነገር ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር፤ አንዲት የተጎዳች ሴት መጠለያና ሥራ አገኘች ይባላል። ሐምሊኖች ግን አላቆሙም። ማሚቱን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡ፤ መጀመሪያ መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎ ማገዝ፣ በመጨረሻም ማሚቱ ራሳቸው ቀዶ ጥገናውን መሥራት ለመዱ። ማሚቱ ጋሼ የሕክምና ዲግሪ ሳይኖራቸው ከታወቁት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪሞች አንዷ ሆኑ፤ ከውጭ አገር ለሚመጡ ሐኪሞች ሳይቀር አስተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሐምሊኖችን በሜዳሊያ ሲያከብር ማሚቱም ከእነርሱ ጋር ተሸላሚ ነበሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተማሪዋ ትጋት ብዙ ተነግሮለታል፤ የአስተማሪዎቹ ድርሻ ግን ለአለቆች የበለጠ ትምህርት አለው። ፊደል ላልቆጠረች ሴት የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሰጠ ሐኪም፣ እጇ ቢስት የሚጠየቀው እርሱ መሆኑን ያውቃል። ደጋፊ አለቃ ዋስ ነው፤ ስሙን አስይዞ ለሌላው የመሞከሪያ ዕድል ይገዛል። ዋስ ደግሞ ዝም ብሎ አይፈርምም። ሐምሊኖችም ሥራውን በአንድ ቀን ጥለውላት አልሄዱም፤ ደረጃ በደረጃ ነበር የለቀቁት። «እንደፈለግህ አድርግ» ብሎ ቢሮውን የሚዘጋ አለቃ ሠራተኛውን እየደገፈ ያለ ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን ብቻውን መተው ነው።

ድጋፍ ከአንድ ሰው መልካም ልብ አልፎ የአንድ ፋብሪካ አሠራር የሆነበት ጊዜም አለ። ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን የመኪና መገጣጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው። የፋብሪካው ስም የጠፋ ነበር። ከሠራተኛው አንድ አምስተኛ የሚያህለው ከሥራ የሚቀርባቸው ቀናት ነበሩ፤ በሥራ ሰዓት መጠጣት የተለመደ ነበር። መስመሩ እንዲቆም ስለማይፈቀድ የተሳሳተ ዕቃ የተገጠመለት መኪና እንኳ ዝም ብሎ ያልፋል፤ በኋላ ግቢ ውስጥ ፈትቶ ማስተካከል የሌላ ሰው ጣጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ ኑሚ በሚባል የጋራ ኩባንያ ያንኑ ፋብሪካ ከፈቱት። የተቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያው የድሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ማኅበራቸውም ያው ነው። ከመካከላቸው የተወሰኑት ጃፓን ሄደው የቶዮታን አሠራር ዐይተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በመስመሩ ዳር የተዘረጋ ገመድ ነበር፤ ችግር ያየ ሠራተኛ ይስበዋል፣ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፣ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ትልቁ ለውጥ የመሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ነው። «ማን አበላሸው?» ቀረና «ምን ላግዝህ?» መጣ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ የሚቀረው ሰው ወደ ሁለት በመቶ ወረደ፤ የመኪኖቹም ጥራት ከጃፓኖቹ ጋር የሚወዳደር ሆነ። ሰነፍ፣ ሰካራም፣ ነገረኛ የተባሉት ሰዎች አልተለወጡም፤ የተለወጠው የአለቆቻቸው ሥራ ነው።

ይህን ያየው ጄኔራል ሞተርስ አሠራሩን እዚያው ካሊፎርኒያ ወዳለው ቫን ናይስ ፋብሪካው ሊወስድ ሞከረ። አልያዘለትም። ገመድ መዘርጋት ቀላል ነው፤ የዚያ ፋብሪካ አለቆች ግን የሚመዘኑት በሚወጣው መኪና ብዛት ስለነበር መስመሩ ሲቆም አያስችላቸውም። ቫን ናይስ እ.ኤ.አ. በ1992 ተዘጋ። ከላይ በቁጥር ብቻ የሚጠየቅ አለቃ ወደ ታች ደጋፊ ሊሆን አይችልም፤ ቢፈልግ እንኳ ደመወዙ አይፈቅድለትም።

ለእኛም ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። አቶ መለስ ዜናዊ ካይዘን በሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ላይ እገዛ እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓንን ከጠየቁ በኋላ፣ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በሠላሳ ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ከካይዘን ለጎብኚ ቶሎ የሚታየው የተደረደረ መደርደሪያ፣ ቀለም የተቀባ ወለልና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው። አንድ የማሽን ሠራተኛ «ይቁም፣ ተበላሽቷል» ሲል ፎርማኑ ምን ይመልሳል የሚለው ግን በጉብኝት አይታይም። የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነው።

ስሕተትን መናገር ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ ማንም አይናገርም። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሆስፒታል ክፍሎች የሚፈጸሙ የመድኃኒት ስሕተቶችን ሲያጠኑ፣ ጥሩ የሚባሉት ክፍሎች አነስተኛ ስሕተት ይኖራቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ ጥሩ መሪ ያላቸው ክፍሎች የበለጠ ስሕተት ተመዝግቦባቸው ነበር። ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ በእነዚያ ክፍሎች ነርሶቹ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው የሚል ነው። በእኛ ግምገማዎች «የጎላ ችግር አላጋጠመም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ይህን ውጤት ለመረዳት ጊዜ አይወስድበትም።

ጉግል እንኳ፣ በአንድ ወቅት የኢንጂነሮቹን አለቆች አስወግዶ ብዙም ሳይቆይ የመለሰው ኩባንያ፣ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሱን አለቆች ሲያጠና ከጥሩ አለቃ ስምንት ባሕርያት ቀዳሚው ሰውን ማሠልጠን ሆኖ አገኘው። የቴክኒክ ዕውቀት መጨረሻ ላይ ነበር።

«ሥራዬን ሁሉ ካስተማርኩ እኔ ምን ልሆን ነው?» የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ መሳለቂያ ማድረግም አይገባም። የብዙ ኃላፊዎች ክብር በቲተርና በማኅተም የተያዘ ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» የሚባለው ባለጉዳይ የሚንገላታው ውክልና ባለመስጠት ነው፤ ምክትሉ ፊርማውን መፈረም አቅቶት አይደለም። መድኃኒቱ ተተኪ ማፍራትን የአለቃው ውለታ ሳይሆን ግዴታው ማድረግ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ቀድሞ አድርጎታል። ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ጋር እ.ኤ.አ. በ1953 የታደሰው ውል የመጨረሻ ግቡ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን የሚመራ አየር መንገድ መሆኑን በግልጽ አስፍሮ ነበር። የውጭ አገር አለቆች የተቀጠሩት ወንበራቸውን ለሌላ አዘጋጅተው ሊሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ የምታዘጋጁ የሰው ኃይል ባለሙያዎች፣ በኃላፊዎች ቅጽ ላይ ሁለት ረድፍ ጨምሩ። አንዱ በዓመቱ ከበታች ሠራተኞች የቀረቡ ችግሮችንና ኃላፊው ያደረገውን ይጠይቅ፤ ሌላው ውክልና የተሰጠውን ሰው ስምና የወሰነውን ውሳኔ። ባዶ የሚመለሰው ቅጽ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ለበላይ አመራሩ በግልጽ ንገሩት።