የነርሲንግ ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግስት በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ልጁ አሁን ምን ይማር?» በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ከቀሩት መካከል ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ያዞራሉ። ከሥልጠናዎቹ ደግሞ የደረጃ 4 ነርሲንግ ብዙ ፈላጊ ካላቸው አንዱ ነው። ሙያው የተከበረ ነው፤ ለቤተሰብም ተስፋ ይሰጣል።

ይህን ፍላጎት የሚያውቁ ተቋማት «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ማስታወቂያቸውን በኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ በታክሲ መስታወትና በመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ያጥለቀልቁታል። ወላጅም ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ኮሌጁ ለቤት ይቅረብ አይቅረብ፣ መቼ እንደሚያስመርቅ ጠይቆ ይመዘግባል። ገንዘቡ የሚመጣው በሬ ተሽጦ፣ ዕቁብ ወጥቶ ወይም ዓረብ አገር ያለች እህት ከደመወዟ ቆጥባ ልካ ነው። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ውሳኔ በሦስት ጥያቄ ብቻ መወሰን የለበትም።

ጉዳዩን በዚህ የጤና ዓምድ ማንሳታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። የነርስ ሥልጠና ጥራት የተማሪው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛውም ጉዳይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሐኪም ለአንድ ሕመምተኛ 1 ሺህ ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጠው ያዛል። የመስጫው ቱቦ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ ነርሷ በደቂቃ 42 ያህል ጠብታ እንዲወርድ ማስተካከል አለባት። ስሌቱን ካልለመደችው ፈሳሹ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መፍጠኑ አደገኛ ነው። ሌላም እንጨምር። የ8 ወር ሕፃን በደቂቃ 45 ጊዜ ቢተነፍስ ፈጣን አተነፋፈስ አይባልም፤ የ2 ዓመት ልጅ ግን በተመሳሳይ ቁጥር ቢተነፍስ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ መታየት አለበት። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ቆጥሮ፣ ደጋግሞ በመለማመድ ነው። በማስታወሻ ደብተር ብቻ የተማረ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንድታጣሩ እንመክራለን።

የመጀመሪያው የዕውቅና ፈቃድ ነው። «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጠው ለሥልጠናው ዓይነትና ለካምፓሱ ተለይቶ ነው። በፋርማሲ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ በነርሲንግ ላይኖረው ይችላል፤ በአንደኛው ካምፓስ የተፈቀደለትም በሌላው ላይፈቀድለት ይችላል። የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን ከወረቀቱ ላይ አንብቡ። ከዚያም በኮሌጁ ቃል ብቻ ሳትወሰኑ፣ ለዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን፣ ለደረጃ ሥልጠና ከሆነ ደግሞ የክልሉን ወይም የከተማ አስተዳደሩን ተቆጣጣሪ አካል ጠይቁ።

ሁለተኛው የመግቢያ መስፈርት ነው። ለየደረጃው የሚያስገባው የመቁረጫ ነጥብ በመንግሥት ይወሰናል። ነጥቡን ያላሟላ ተማሪ «ችግር የለም፣ እኛ እናስተካክላለን» ከተባለ ያ ኮሌጅ ከወዲሁ ሊጠረጠር ይገባዋል። ተማሪው ዓመታት ተምሮ ክፍያውን ከጨረሰ በኋላ ለብቃት ምዘና ሲቀርብ የመግቢያ ማስረጃው ሊጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘቡም ዕድሜውም ተመላሽ አይሆንም።

ሦስተኛውና በእኛ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው የተግባር ልምምድ ነው። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን የነበረው ተማሪዎቹን ወደ ጤና ጣቢያዎች አሰማርቶ፣ ከኅብረተሰቡ መካከል በቡድን እያሠራ ነበር። ነርስነት ዛሬም ያለዚህ አይገኝም። ስለዚህ ኮሌጁ ተማሪዎቹን የሚልከው ወደየትኛው ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ እንደሆነ፣ የጽሑፍ ስምምነት እንዳለው፣ በየትኛው ክፍል ስንት ሳምንት እንደሚቆዩ ጠይቁ። የማዋለጃ፣ የሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌና የድንገተኛ ክፍሎች ሁሉ መካተት አለባቸው።

መልሱን ስታገኙም በዚያ አትቁሙ። ወደተጠቀሰው ሆስፒታል ሄዳችሁ የክፍል ኃላፊ ነርስ አነጋግሩ። «የዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች ይመጣሉ? መምህራቸው አብሯቸው ይውላል? ስንት ሆነው ነው አንድ አልጋ የሚከቡት?» ብላችሁ ጠይቁ። አሥራ አምስት ተማሪ በአንድ ሕመምተኛ ዙሪያ ከቆመ የሚሠራው አንዱ ነው፤ የቀሩት የሚያዩት የጓደኛቸውን ጀርባ ነው። የሕመምተኛውም ክብር ይነካል። የግማሽ ቀን ጉብኝት ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ እውነት ይነግራችኋል።

አራተኛው የኮሌጁ የውስጥ ድርጅት ነው። የክህሎት ላቦራቶሪውን አስከፍታችሁ እዩ። የመለማመጃ አሻንጉሊቱ አቧራ ለብሶ በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ ለጉብኝት እንጂ ለትምህርት አልተቀመጠም። የደም ግፊት መለኪያው ይሠራል? የእጅ መታጠቢያው ውኃ አለው? የሙሉ ጊዜ መምህራኑስ ስንት ናቸው? ከሁሉ በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ከግቢ ውጪ አግኝታችሁ በገዛ እጃቸው ምን ምን እንደሠሩ ጠይቋቸው።

አምስተኛው የተማሪው ደኅንነት ነው። ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ተለማማጅ ነርስ ከመጀመሪያው የሆስፒታል ቀን ጀምሮ ደምና መርፌ ይነካል። ወደ ልምምድ ከመውጣቱ በፊት የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት መጀመር አለበት፤ ክትባቱ በተለመደው አሰጣጥ በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ቀድሞ ማሰብ ይገባል። መርፌ ቢወጋው ደግሞ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር ይኖርበታል። ክትባቱን ማን ይሸፍናል? አደጋ ቢደርስ ተማሪው ለማን ያሳውቃል? ኮሌጁ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ ከሌለው ልጃችሁን አደራ ለመቀበል አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ስድስተኛው የወጪው ጠቅላላ ድምር ነው። ወርኃዊ ክፍያው ላይ የጋዋን፣ የመማሪያ መሣሪያ፣ ወደ ሆስፒታል የመመላለሻ ትራንስፖርት፣ የምዘናና የድጋሚ ምዘና ወጪ ይታከላል። በየዓመቱ የሚጨመር ነገር ካለ በጽሑፍ ይሰጣችሁ።

የሥልጠናው ማሳረጊያ የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ሠልጣኙ በጽሑፍና በተግባር ተፈትኖ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። እዚህ ላይ ለሚመለከታቸው አካላት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በአሜሪካ የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ አሶሼት ዲግሪ የሚማሩ ሰዎች፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ከምረቃ በኋላ ለፈቃድ የሚቀመጡበት ፈተና የአራት ዓመት ዲግሪ የያዙት የሚወስዱት ራሱ ፈተና ነው። በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶችም የነርሲንግ ቦርዱ ከየኮሌጁ ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። አመልካቹ ይህን አይቶ ይመርጣል፤ ውጤቱ የወረደ ኮሌጅም ይታረማል ወይም ተማሪ ያጣል። እኛም አገር የብቃት ምዘና ውጤት በየኮሌጁ ተለይቶ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ቢወጣ ሐሰተኛ ማስታወቂያን ከቅጣት ባልተናነሰ ይገታል። ጥሩ የሚሠሩት የግል ኮሌጆች ከዚህ የሚያተርፉ እንጂ የሚጎዱ አይሆኑም። ይህ እስኪሆን ድረስ ጥያቄውን እናንተ አቅርቡ፤ «ባለፈው ዓመት ስንት አስፈተናችሁ፣ ስንት ብቁ ሆኑ?» በሉ። ቁጥሩን በማስረጃ የሚያሳይ ኮሌጅ በራሱ ይተማመናል።

በመጨረሻም የልጁን ወይም የልጅቱን ፍላጎት አዳምጡ። ነርስነት የሌሊት ተረኝነት፣ ረጅም ሰዓት መቆም፣ የሰው ሥቃይ በየቀኑ ማየት አለበት። ሌላ ስላልተገኘ ብቻ የሚገባበት ሙያ መሆን የለበትም። ፍላጎቱ ኖሮ ደኅና ኮሌጅ ካልተገኘ ደግሞ አንድ ዓመት መጠበቅ፣ ወይም ራቅ ወዳለ ከተማ መሄድ፣ በማይረባ ተቋም ዓመታትን ከማባከን ይሻላል። ዛሬ በጥድፊያ የምናስመዘግበው ልጅ ነገ በአንዱ ጤና ጣቢያ መርፌ ይዞ ይቆማል፤ አልጋው ላይ የሚተኛውም ከእኛው አንዱ ነው።