ሜኑው የተጻፈው ለማን ነው?

አንድ ጥያቄ ላንሳ። የካፌ ሜኑ የሚጻፈው ለሚበላው ሰው ነው ወይስ ለጌጥ?

ጥያቄውን ያነሳሁት ‹‹ብረንች›› የሚባለው ነገር በከተማችን ካፌዎች እየተለመደ ስለመጣ ነው። ብረንች ማለት ረፋድ ላይ የሚበላ፣ ቁርስንም ምሳንም የሚተካ ምግብ ነው። ስሙ የተሠራው ቁርስና ምሳ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ቆርጦ በማጋጠም ነው። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1895 እ.ኤ.አ. ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሚቀርበው ከባድ ምግብ ይልቅ ይሄ ይሻላል ብሎ ተሟግቶለታል። በምን? በአስተያየት ጽሑፍ! ሙያችን አይናቅም ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? እሑድ ሳይቀምስ የሚያስቀድስ ሰው እህል የሚያገኘው ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ረፋድ ላይ ነው። እናቶቻችን ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል።

በቅርቡ አንድ እሑድ ከሐና ማርያም ስንመለስ አባቴ ‹‹ዛሬ ቁርስ ውጪ ነው›› አለን። ላፍቶ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ በረንዳዋ ላይ የዘረጋች ቁርስ ቤት አገኘን። ግድግዳዋ ላይ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከነዋጋው ተጽፏል፤ ጨጨብሳ በማር፣ ፉል፣ ቅንጬ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ማኪያቶ። እናቴ ቀና ብላ አነበበችና ማንንም ሳትጠይቅ ‹‹ለእኔ ቅንጬ፣ ቅቤው በዛ ይበል›› አለች።

ከዚያ በፊት ይዘናት የሄድንበት ሌላ ካፌ ሜኑው ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነበር። ገለጥ ገለጥ አድርጋ ዘጋችውና ‹‹እናንተ ያዘዛችሁትን›› ብላ ዝም አለች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እኮ እሷ ናት!

አንዳንዶች ‹‹የውጭ ሰው ስለሚመጣ ነው›› ይላሉ። ይምጣ፣ ደስ ይለናል፤ እንግሊዝኛው ከጎን ይጻፍለት። ቃል መዋስም ነውር የለውም። ማኪያቶ ከጣሊያንኛ፣ ፉል ከዐረብኛ፣ ጨጨብሳ ከአፋን ኦሮሞ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ሁሉም የእኛ ናቸው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሰው በገዛ ከተማው፣ በገዛ ገንዘቡ ሊበላ ተቀምጦ ምን እንደሚበላ ልጁን መጠየቅ የለበትም።

እኛ ክፍል ውስጥ ‹‹አንባቢህን ዕወቅ›› እየተባልን ነው የምንማረው። ሜኑም አንባቢ አለው። ስለዚህ እሑድ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ‹‹የአማርኛ ሜኑ አላችሁ?›› ብላችሁ ጠይቁ። የለንም ካሉም በሚቀጥለው እሑድ ድገሙት። ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን ነገር ነጋዴ ማቅረቡ አይቀርም።

ቸር ይግጠመን!